እናቴን በዊልቸር ሰዕይ ላስደርጋት ነው፣ እባካችሁ ምከሩኝ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድምና እህቶቼ። እናቴን ይዤ ሐጅ ልሄድ ነው፣ ግን ግራ ገብቶኛል። ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል፣ ጥቂት ከተራመደች ማረፍ አለባት። ጠዋፉ፣ ካዕባን መዞሩ፣ 7 ዙር ነው፣ ከዚያ በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል የሚኬደው ሰዕይ ደግሞ 7 ጊዜ፤ ሰዕዩ ብቻውን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዊልቸር እገፋሻለሁ ስላት እንባዋ ይመጣል። «ሐጀር ለልጇ ውሃ ፍለጋ በእግሯ ነው የተንከራተተችው፣ እኔ ተቀምጬ ምኑን ሰዕይ አደረግኩት?» ትለኛለች።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በግመል ላይ ሆነው ጠዋፍ ማድረጋቸውን፣ ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማም ሲያማቸው ከሰዎች ኋላ ሆነው በእንስሳ ላይ ተቀምጠው እንዲዞሩ እንደነገሯቸው አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ልቧ ግን አልረጋም። ዐረፋ ሜዳ ላይ መቆሙ እንኳ አያሳስበኝም፣ እዚያ «መቆም» ማለት በእግር መቆም አይደለም፣ ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች።

እየገፋኋት ለራሴም ብነይት (በልቤ ባስብ) ሰዕዩ ለሁለታችንም ይሆናል ወይስ የእኔን ለብቻ ልድገመው? ይበልጥ የጨነቀኝ ደግሞ ጀመራት ላይ ጠጠር መወርወሩ ነው። በዙልሒጃ 10ኛው ቀን 7 ጠጠር፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በየቀኑ 21። እሷን ወክዬ ልወረውር አስቤያለሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ከዚያ የእሷን። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ሚና ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ልተዋት? ወይስ ሰው ቀለል የሚልበት ሰዓት ጠብቄ ይዣት ልሂድ፣ አንዷን ጠጠር እንኳ በእጇ ብትወረውር ደስታዋን አውቀዋለሁ።

አቅመ ደካማ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? ዊልቸሩንስ ምን ብላችሁ አሳመናችኋቸው?