«ባላገር» ስድብ ነው ወይስ ማዕረግ?

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ ቤት ውስጥ አንድ ኮሜዲ ፊልም እያየን ነበር። ያው የምታውቁት ዓይነት ነው። ገጠሬው ከተማ ይገባል፣ ሊፍት ያስደነግጠዋል፣ ከተሜዎቹ ይስቁበታል። አንዷ «ወይ ባላገር!» ስትለው አያቴ «ሰደበችው ወይስ አከበረችው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አጣሁ። እስቲ እናንተ?

መልስ፦ ጥሩ ጠይቀዋል። «ባላገር» ባለ አገር ነው፤ ባለ አደራ «ባላደራ» እንደሚሆነው። «ባላባት»ም እንደዚሁ ባለ አባት ነው፤ አባቱ የሚታወቅ፣ ዘሩ የሚቆጠርለት ማለት። ሁለቱ ቃላት የተሠሩት በአንድ እጅ ነው። አንዱ እንደተከበረ ቀረ፣ ሌላው ከተማ ሲገባ መሳቂያ ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀኝ ግን «ከተሜ» ነው። «ከተማ» የመጣው «ከተመ» ከሚለው ግስ ነው፤ ሰፈረ፣ ጦሩን ይዞ ተቀመጠ እንደማለት። የድሮ ከተማ የንጉሥና የሠራዊት ሰፈር ነበር። ንጉሡ ሲነሳ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ከተማውም አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበር። እንግዲህ በቃሉ ከሄድን ፊልሙ ላይ እየሳቀ ያለው ሰፋሪው ነው፣ የሚሳቅበት ደግሞ ባለ አገሩ።

«ፋራ»ን ከዚህ ጋር አትደባልቁት። የ«ፋራ» ተቃራኒ «አራዳ» እንጂ «ከተሜ» አይደለም። አራዳ ዛሬ ፒያሳ የምንለው አካባቢ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር። ኋላ ገበያው ወደ መርካቶ ሲሄድ ስሙ ለማይሸወድ ሰው ቀረ። ስለዚህ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ፋራ ይኖራል፣ በሬ ሲጠምድ የኖረ አራዳም ይኖራል። ብዙ የፊልም ደራሲዎች ይህችን ነገር ይስቷታል። ገጠሬውን ሁሉ ፋራ አድርገው ያመጡትና ቀልዱ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ሌላ መልስ፦ እኔ የዓይኖቹን ፈሊጦች ልጨምር። ገጠሬው ሲመጣ «ዓይን አፋር» ነው። ትንሽ ቆይቶ «ዓይኑ ተገለጠ» ይሉታል። ፊልሙ ሲያልቅ «ዓይን አውጣ» ሆኖ ያርፈዋል። ሙሉ ታሪኩ በሦስት ፈሊጥ አለቀ፣ ስክሪፕት ጸሐፊ ምን ያደርጋል?

«አንቱ»ንም አትርሱ። ከተማ ውስጥ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ነው የሚባለው፤ «አንቱ» ያለ ሰው ወዲያው ገጠሬነቱ ይታወቅበታል። ያው ከተሜ ግን ሲያደንቅ «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላል።

ሌላ መልስ፦ «አገር ቤት»ስ? አዲስ አበባ ያለ ሰው «አገር ቤት ልሄድ ነው» ካለ የተወለደበት ገጠር ነው። ውጭ የሚኖረው ሲል ደግሞ አዲስ አበባም ራሷ አገር ቤት ትሆናለች። ቦሌ ላይ ሲወርድ በተራው ግራ የሚጋባው እሱ ነው። ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ! በዚህ የሚሠራ ኮሜዲ ይበልጥ ያስቀኛል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለአያቴ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ታዲያ ያቺ የሳቀችበት ልጅ አገሯ ወዴት ነው?» አሉኝ። ፊልሙ ላይ አልተነገረም አልኳቸው።

«አዬ!» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ።