96 ኪሎ ሆኜ አረገዝኩ፤ ልክሳ ወይስ ልብላ?

የገንደቆሬዋ፦
ሰላም እህቶች። ድሬ ነኝ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ 9ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 96 ኪሎ። ካርድ ላወጣ ሄጄ ሚዛን ላይ ስወጣ ነርሷ ጮክ ብላ "96!" አለች፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግፊት ስትለካኝ ደግሞ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ እየተላቀቀ አስቸገራት፣ በመጨረሻ "ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ውፍረት ቀንሺ" ብላ ሸኘችኝ። እንዴት ብዬ እንደምቀንስ ግን አልነገረችኝም። አማቴ "ለሁለት ብዪ" እያለች በጠዋት ፈጢራ በማር ታቀርብልኛለች፣ እምቢ ካልኩ ቅያሜ ነው። የባለቤቴ እህት ደግሞ እራት ዝለዪ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ ትለኛለች። ከሁሉ ያስጨነቀችኝ ጎረቤቴ ናት፦ "ወፍራም ሴት አምጣ አትወልድም፣ ኦፕራሲዮን ነው" አለችኝ። እውነት ነው? በናታችሁ "አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ከዚራ፦
አቦ እንኳን ደስ ያለሽ! ሎሚውን ተይው፣ ቃር ነው የሚጨምርልሽ። ሚዛን ላይ ቁጥር የሚጮሁት ነገር እኔንም ያበሽቀኛል። ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱልሽ።

አዋላጅ ከሐረር፦
እህቴ፣ በመጣልኝ ቅደም ተከተል ነው የምጽፈው፣ ታገሺኝ።

ጨርቁ ክንድሽን ካልበቃው ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ያንን ቁጥር እንዳለ አትቀበዪው፣ ግን ችላም አትበይው። ሰፊ ጨርቅ ያለበት ሂጂና ትንሽ ተቀምጠሽ ካረፍሽ በኋላ ያስለኩሽ። ነገሩን የማጠብቀው በምክንያት ነው። በቁመትሽና በክብደትሽ ሲሰላ ቢኤምአይሽ 37.5 ይመጣል፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። በዚህ ክብደት ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከ20ኛ ሳምንት በኋላ የሚመጣው ኩላሊትና ጉበት ድረስ የሚጎዳው የእርግዝና ግፊት፣ በደንብ ይበዛል። የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑ ራሱ ሌላ ምክንያት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ብዙ ሐኪሞች ከ12ኛ ሳምንት ጀምሮ በትንሽ መጠን አስፒሪን ያዛሉ። ራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፣ ግን ሐኪሙን "ለእኔ ያስፈልገኛል ወይ?" ብለሽ ጠይቂው። ጊዜው አላለፈሽም።

ቀጥሎ ስኳር። ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ አጠጥተን ነው የምናየው። አንቺ ግን አሁንም ብትመረመሪ ጥሩ ነው፣ ደህና ቢሆን እንኳ በኋላ ይደገማል። ስኳሩ ካልተያዘ ልጁ ይገዝፋል። ከ4 ኪሎ በላይ ሲሆን ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው የሚያዝበት ጊዜ አለ፣ እውነት ለመናገር በማዋለድ ሥራ ከእሱ በላይ የሚያስደነግጠኝ ትንሽ ነው።

ጎረቤትሽ ግማሹን ነው የነገረችሽ። የኦፕራሲዮን ዕድሉ እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ምጡም ቀስ ይላል። ሆኖም ካንቺም የከበዱ አምጠው ሲወልዱ አይቻለሁ። ኦፕራሲዮን ከሆነ ግን ቁስሉ የማመርቀዝ፣ እግር ላይ ደም የመርጋት ነገር በወፍራም ሴት ላይ ስለሚበዛ፣ ኦፕራሲዮን ክፍልና ደም ያለበት ቦታ ለመውለድ ከአሁኑ አስቢ። ድሬ ከሆንሽ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሳቢያን ሆስፒታልም አለልሽ። አልትራሳውንድ ላይ "በደንብ አልታየም፣ ተመለሺ" ቢሉሽም አትደንግጪ፣ የሆድ ስብ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ፎሊክ አሲድ የሰጡሽን አታቋርጪ። የነርቭ ቧንቧ ችግር፣ ማለትም የሕፃኑ አንጎል ወይም አከርካሪ በደንብ ሳይገጥም መቅረት፣ ከወፍራም እናቶች በሚወለዱት ላይ ስለሚበዛ በአንዳንድ አገር እስከ 12ኛ ሳምንት 5 ሚሊግራም ይታዘዝላቸዋል፣ መጠኑን ሐኪም ይወስንልሽ።

አሁን አትክሺ! ባንቺ ክብደት እስክትወልጂ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ይበቃል ነው የሚባለው። ለሁለት መብላትም፣ እራት መዝለልም ልክ አይደለም።

ታዛቢ፦
እናቶቻችን ወፍራም ሆነው እቤታቸው ስምንት ዘጠኝ ወለዱ እኮ። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ማስፈራሪያ ነው።

አዋላጅ ከሐረር፦
ወንድሜ፣ የወለዱትን ነው የምታየው። በወሊድ የሞቱትን አትቆጥራቸውም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሳቢያን፦
እኔ ሁለተኛዋን ሳረግዝ 90 ገደማ ነበርኩ። ስኳር ተገኘብኝ፣ ልጅቷ 4 ኪሎ ከ300 ሆና በኦፕራሲዮን ወጣች፣ ቁስሉም አመርቅዞ በጣም አሠቃየኝ። ግን ደህና ናት፣ አሁን እኔን ነው የምታሯሩጠኝ። የጠቀመኝን ልንገርሽ፦ ለስላሳ መጠጥ አቆምኩ። በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ሚሪንዳ ማቆም ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ከባጅያም ከሳምቡሳም እሱ በለጠብኝ። እንጀራውን ቀንሼ ሽሮና ጎመኑን አበዛሁ። ፀሐይ ሳትበረታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር ወክ አደርግ ነበር፣ ከረፈደ እዚህ አገር መራመድ አይታሰብም። አማትሽን ክትትል ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ። እኔ ስል ያልሰማችኝን ነርሷ ስትላት ሰማች።

የገንደቆሬዋ፦
ተባረኩ! ሲስተር፣ አንድ ላስቸግርዎት። አፍሬ ነው ያልጻፍኩት፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጫት እቅማለሁ። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ለክብደቴም ይጠቅመኛል ብዬ ነበር።

አዋላጅ ከሐረር፦
አንቺ ብትዪኝ ይሻለኛል እህቴ፣ እኩያሞች ሳንሆን አንቀርም። በጫቱ ሐፍረት አይሰማሽ፣ እዚህ ስንቱ ነው የሚቅመው። ግን አቁሚው። ጫት ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ የሚቅሙ እናቶች ልጆች ደግሞ ክብደታቸው አንሶ ይወለዳሉ። ያንቺ መወፈር ለሕፃኑ ስንቅ አይሆነውም፣ የሚፈልገው በየቀኑ የምትበይውን ነው። ክትትል ስትሄጂም አትደብቂያቸው።

እና ወሩ ሲገፋ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን ሥር ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዘሽ ሂጂ።