«ወገቤን ነው» ያሉኝ አባት፦ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ስንወስድ የአደጋ ምልክት እንዳያመልጠን እንዴት እንጠይቅ?

ጥያቄ (ጀማሪ ጤና መኮንን፣ ምሥራቅ ጎጃም)

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ያለሁት ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። በገበያ ቀን ኮሪደሩ ይሞላል፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ እንኳ አይደርሰኝም።

ኅዳር ላይ አንድ አባት መጡ። «ወገቤን ነው፤ አጨዳው ነው የጣለኝ» አሉኝ። ማስታገሻ ሰጠኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ከስተዋል። ስጠይቃቸው «ጾሙ ነዋ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። አሁንም ማስታገሻ። ሦስተኛ ጊዜ የመጡት በቃሬዛ ነው። እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሽንት ካልወጣቸው ቀን አልፏል። ሆስፒታል ሲመረመሩ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምልክቶቹን ተምሬያቸዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌባቸዋለሁ። ታካሚው በራሱ አነጋገር ሲነግረኝ ግን አላወቅኋቸውም። እናንተ እንዴት ነው የምትጠይቁት?

መልስ (ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ)

አይዞሽ እህቴ። እኔም አልፌበታለሁ። የወገብ ሕመም አብዛኛው የጡንቻ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ያንን አንዱን ከመሃል መለየት ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄሽን ወደ ሰውየው ኑሮ አውርጂው። «ክብደት ቀንሰዋል?» ብትዪው ገበሬው ቤት ሚዛን የለም። «አባቴ፣ ቀበቶዎን አጥብበዋል? ሱሪዎ ሰፍቶዎታል?» በዪ። «ሌሊት ጋቢዎ በላብ ይረጥባል?» በዪ። የጡንቻ ሕመም ጋደም ሲሉ ቀለል ይላል። ተኝተውም የሚጠዘጥዝ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ቆም በዪ።

ሽንትን ራስሽ ጠይቂ፤ ሰው አፍሮ አይናገርም። «እንደ ድሮው ይወርዳል ወይስ ቆመው ይጠብቃሉ?» በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግር ከዛለ ወይም ሽንት ካስቸገረ ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ነው።

ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነም ጠይቂ። ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ሕመም ያመጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ለአንድ ሕመም ሁለተኛ ጊዜ የመጣን ሰው ሂስትሪ ከሥር ጀምረሽ ውሰጂ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን አትድገሚ። ያ አባት ምልክታቸውን የነገሩሽ ሁለተኛ ጊዜ በመጡበት ቀን ነበር።

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ቡሬ)

እኛ ጋ ደግሞ የሚያታልለው «ምች» ነው። ነፍሰ ጡር ራሷን ሲያማት ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽላታል። ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ ራሷን ያመማት እናት የደም ግፊቷ ሳይለካ ከክፍሌ አትወጣም፤ የምፈራው ፕሪኤክላምፕሲያን (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ) ነው። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንቷን ለፕሮቲን አያለሁ፤ 160/110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው። «ዓይኔን ጭጋግ ይጋርደኛል» ወይም «ከጎድኔ ሥር ያቃጥለኛል» ካለችሽ ጨጓራ ነው ብለሽ አትሸኛት። ከባድ ሲሆን የመጀመሪያውን ማግኒዥየም ሰልፌት (ማንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት) ሰጥተን ነው ወደ ሆስፒታል የምንልከው።

አማት አብራ ከገባች ብዙ ነገር ሳይወራ ይቀራል። እኔ «ነይ ክብደትሽን ልይ» ብዬ ለብቻዋ እወስዳታለሁ። ደም ማየቷን ሚዛኑ ላይ ቆማ በሹክሹክታ የነገረችኝ ልጅ አለች።

መልስ (ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም)

ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን አራቱን የአደጋ ምልክቶች አትዝለዪ፦ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። አንዱ ብቻ ቢኖር እንኳ አጣዳፊ ነው። «ይጠባል?» ብለሽም አትለፊ፤ እናቱ እፊትሽ ታጥባው።

መልስ (አስታማሚ፣ ባሕር ዳር)

ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ይቺን ልበል። እናቴ «ልቤን» ትል ነበር። እኛ አገር ልቤን ማለት ጨጓራም ነው። ሁለት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። ሲነሳባት ላብ ያጠምቃታል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ማንም አልጠየቃትም። በኋላ የልብ ሕመም ሆኖ ተገኘ። እባካችሁ «የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ።

መልስ (ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ)

ልክ ነው። በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከእምብርቱ በላይ ካመመውና ላብ ካላበው ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ያስፈልገዋል። ማሽኑ ከሌለሽ ቶሎ ወዳለበት ላኪ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያ አባት መድኃኒት ጀምረዋል፤ እግራቸውንም ትንሽ ትንሽ ማንቀሳቀስ ይዘዋል።

ዛሬ ጠዋት «ትንሽ ያስለኛል» ያሉ አባወራ መጡ። «ከስተዋል?» ስላቸው «ኧረ የለም» አሉኝ። ቀበቶዎን ልየው አልኳቸው። ኮታቸውን ገለጥ አደረጉልኝ። ከድሮው ቀዳዳ አልፎ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉበት። ሳሉ ለካ ወር ሊሞላው ነው። አክታ ሰጥተው ሄደዋል፤ ውጤቱን ነገ አያለሁ።