የአየር ንብረት ፖሊሲ ግምገማ ቀጣዩን ውሳኔ ይለውጣልን?

ጥያቄ፦
መንግሥታት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን ለመቀነስ ያወጧቸውን ፖሊሲዎች ያስገመግማሉ፤ ሪፖርትም ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ግምገማ ቀጣዩን ውሳኔ የለወጠበትን ወይም ሳይለውጥ የቀረበትን ተጨባጭ ምሳሌ የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
የአውሮፓ ኅብረትን የልቀት ፈቃድ ገበያ፣ ማለትም ፋብሪካዎች ለሚለቁት ጋዝ የሚያስፈልጋቸውን ፈቃድ የሚገበያዩበትን ሥርዓት፣ መመልከት ይጠቅማል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገበያው በ2005 ሲከፈት የእያንዳንዱ ፋብሪካ ልቀት በወጉ ተረጋግጦ ስላልተመዘገበ ፈቃዱ የታደለው በአብዛኛው በግምት ነበር። በ2006 የመጀመሪያው የተረጋገጠ መረጃ ሲወጣ የታደለው ፈቃድ ከልቀቱ በልጦ ተገኘ፤ ዋጋው በቀናት ውስጥ አሽቆለቆለ፤ በ2007 ደግሞ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ከ2013 ጀምሮ በየአገሩ ይወጣ የነበረው ጣሪያ (የጠቅላላ ፈቃዱ ገደብ) ቀርቶ ለኅብረቱ በሙሉ አንድ ጣሪያ ተበጀ፤ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የተከማቸውን ትርፍ ፈቃድ ከገበያ የሚያነሳው መጠባበቂያ ግን ሥራ የጀመረው በ2019 ነው። ተምረዋል፤ መዘግየቱ ግን ያስቆጫል።

መልስ 2፦
ብሪታንያ ደግሞ ተቃራኒውን ታሳያለች። ቤቶችን ሙቀት እንዳያባክኑ ለማደስ በ2013 የተጀመረው የብድር መርሐ ግብር ፈላጊ አጥቶ በ2015 ቆመ። በ2020 በድጎማ መልክ የመጣው ሌላ መርሐ ግብር 600,000 ቤቶችን ለማደስ ታቅዶ ከስድስት ወር በኋላ ተዘጋ፤ በብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤቱ ግምት የሚደርሰው ወደ 47,500 ቤቶች ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከቀደሙት መርሐ ግብሮች በቂ ትምህርት እንዳልተወሰደ ገልጿል። አስቡት፤ ዝግጅቱ የተሰጠው ጊዜ 12 ሳምንት ሲሆን፣ ድጎማ የተፈቀደለት ባለቤት ሥራውን የሚሠራለት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፍለጋ ይንከራተት ነበር። የቀደሙት መርሐ ግብሮች ግምገማ መደርደሪያ ላይ እያለ ስህተቱ ተደገመ።

መልስ 3፦
በክትትልና ግምገማ ሥራ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር። በተሳተፍኩበት አንድ ግምገማ ላይ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበ መነሻ መረጃ አልነበረም፤ ስለዚህ የልቀቱ መቀነስ ከፖሊሲው ይሁን ከነዳጅ ዋጋ መናር መለየት አልቻልንም። ሪፖርቱን ስናስረክብም ፖሊሲውን የነደፉት ባለሙያዎች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው ስለነበር የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። በዚህ ረገድ ያችው ብሪታንያ በ2008 ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ጥሩ መላ አበጅቷል፤ በሕጉ የተቋቋመው ገለልተኛ ኮሚቴ በየዓመቱ ለፓርላማ የሂደት ሪፖርት ያቀርባል፤ መንግሥትም ምላሽ የመስጠት ግዴታ አለበት። ምክሩን ሁሉ እንዲቀበል ሕጉ አያስገድደውም፤ ይሁንና መልሱ በጽሑፍ ስለሚቀር የቀጣዩ ዓመት ሪፖርት ካለፈው ምክር የትኛው እንደተፈጸመ፣ የትኛው እንደተተወ ከመመርመር ይነሳል።