የኮትራይሞክሳዞል ዲሶሉሽን፦ አንዱ ቬሰል ዝቅ አለ፣ ፒኩም ትከሻ አወጣ

አዘዞ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። ጎንደር ላይ የኮትራይሞክሳዞል (ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም አብረው ያሉበት መድኃኒት) 480 ሚሊግራም ታብሌት ዲሶሉሽን (ታብሌቱ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚለካበት ሙከራ) እየሠራን ነው፦ 900 ሚሊ 0.1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ፓድል (ማማሰያ መቅዘፊያ)፣ በደቂቃ 75 ዙር፣ 37 ዲግሪ፣ 60 ደቂቃ። ኪው (በጊዜው መሟሟት ያለበት መጠን) ለሁለቱም መድኃኒት 70 በመቶ ነው። በ6ቱ ቬሰል (ታብሌቱ የሚሟሟበት ዕቃ) ሰልፋሜቶክሳዞል በመቶኛ 84፣ 86፣ 83፣ 85፣ 84፣ 66 ወጣ፤ ትራይሜቶፕሪም 89፣ 91፣ 87፣ 90፣ 88፣ 71። በዚያ ላይ በክሮማቶግራፊ ማሽኑ ስንለካ የሰልፋሜቶክሳዞሉ ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣው ጫፍ) ናሙናው ላይ ትከሻ (የጎን እብጠት) ያወጣል፤ በሞባይል ፌዝ (በማሽኑ ውስጥ የሚፈስሰው ፈሳሽ) ያቀጠንነው ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ላይ ግን ደህና ነው። ኮለሙን (የማሽኑን መለያ ቱቦ) እንቀይር?

ሚሊግራም፦
ኮለሙን አትንኩት፤ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። 6ኛው ቬሰል ላይ ሁለቱም መድኃኒቶች አብረው ወርደዋል። ያንኑ ናሙና ደግማችሁ ኢንጀክት አድርጉ፤ ያው ቁጥር ከመጣ ጣጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከቬሰሉ ነው። ፓድሉ ከቬሰሉ ታች 25 ሚሊሜትር (ቢበዛም ቢያንስም በ2) መሆኑን ለኩ፣ ዘንጉም መሃል ላይ ይሁን።
ትከሻውን የሚያመጣው አሲዱ ነው። የሰልፋሜቶክሳዞል ፒኬኤ (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) 5.7 ገደማ ሲሆን የሞባይል ፌዛችሁ ፒኤች 5.9 አካባቢ ከሆነ ከፊሉ ቻርጅ አለው፣ ከፊሉ የለውም፤ በዚህ ላይ ጥቂት ጠንካራ አሲድ ሲገባ ሚዛኑ ይዛባል። ናሙናውን 5 ሚሊ ወስዳችሁ በሞባይል ፌዝ 25 ሚሊ አድርሱት። ስታንዳርዱንም በዚያው 0.1 ኖርማል አሲድ ሠርታችሁ እኩል አቅጥኑት። 20 ማይክሮሊትር የምትከቱ ከሆነ ወደ 10 አውርዱ። ትራይሜቶፕሪሙ በሚሊ 0.018 ሚሊግራም ገደማ ይቀራል፣ 254 ናኖሜትር ላይ በደንብ ይታያል።

ባለጋውን፦
እኔ አረፋውን ነው የምጠረጥረው። አየሩ ሳይወጣ የገባ ውሃ 37 ዲግሪ ላይ አረፋ ያበቅላል፤ ታብሌቱ ላይ ሲለጠፍ አሲዱ አይደርሰውም፣ አንዳንዴም ያንሳፍፈዋል። አፍልታችሁ አየር ለማውጣት አትሞክሩ፤ ሲተን መጠኑ ይዛባል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየሩን መልሶ ይጠጣል። 41 ዲግሪ አሙቁት፣ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር በቫኪዩም አሳልፉት፣ ቫኪዩሙ ሳይቋረጥ 5 ደቂቃ አማስሉት። ወዲያው በቬሰሉ ግድግዳ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። ለ6 ሊትር 50 ሚሊ ገደማ 37 በመቶ አሲድ ይበቃል፤ አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው!

ሚሊግራም፦
ፊልተሩንም አትርሱ። ናሙናው ሲሪንጅ ውስጥ ከቆየ ያልሟሟው ብናኝ መሟሟቱን ይቀጥላልና ወዲያው አጣሩ፣ የመጀመሪያውን 5 ሚሊ ድፉት። ስታንዳርዱን አጣርታችሁና ሳታጣሩ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ2 በመቶ ካለፈ ፊልተሩ መድኃኒቱን እየያዘ ነው።

አዘዞ፦
እግዜር ይስጥልን። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? 66ቱንስ እንጣለው?

ባለጋውን፦
ፓድሉ ከቆመ ያ ሙከራ አበቃ፣ መብራት ሲመጣ ከነበረበት አይቀጠልም፤ በአዲስ ታብሌት ነው። የፓድሉን ሞተርና ቬሰሎቹ የሚቀመጡበትን የውሃ ገንዳ ማሞቂያ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ አድርጓቸው፤ ኮምፒውተሩ ብቻ በዩፒኤስ መቆሙ አይጠቅማችሁም።
66ቱ ግን የቬሰሉ ስህተት በማስረጃ ካልተገኘ አይጣልም። በመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዱ 75 (ኪው ሲደመር 5) መድረስ ስላለበት አላለፋችሁም፤ ትራይሜቶፕሪሙም 71 ላይ ቀርቷል። ሌላ 6 ታብሌት ሥሩ፦ የ12ቱ አማካይ 70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንዱም ከ55 ካልወረደ ያልፋል።