ኪኔሲንና ማዮሲን ተምታተውብኛል፤ የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። የሴል ባዮሎጂ ፈተና ደርሶብኝ ኪኔሲን (ሴል ውስጥ ጭነት ተሸክሞ የሚራመደው ሞተር ፕሮቲን) ላይ ተቸንክሬያለሁ። ሁለት እግሮቹን (መጽሐፉስ ጭንቅላት ነው የሚላቸው!) እያፈራረቀ ማይክሮቱቡል (የሴሉ ቱቦ መሰል ሐዲድ) ላይ በአንድ ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ ሞለኪውል) መላ አካሉ 8 ናኖሜትር ይራመዳል። ፊተኛው እግር ኤቲፒ ሲይዝ አንገቱ ላይ ያለችው ቀጭን ማያያዣ ወደፊት ትለጠፍና የኋለኛውን 16 ናኖሜትር ታሻግረዋለች። እስከዚህ ገብቶኛል።

ማዮሲን (የጡንቻው ሞተር ፕሮቲን) ግን ኤቲፒ ሲይዝ አክቲንን (የሚጎትተውን ክር) ይለቃል፤ ጉልበቱን የሚያወጣው ከኤቲፒው የተቆረጠውን ፎስፌት ሲለቅ ነው። ያው ኤቲፒ አንዱን አጥብቆ ሲያስይዝ ሌላውን ለምን ያስለቅቀዋል? ደግሞስ የኪኔሲን ሁለቱ እግሮች እኩል እንዳይለቁ የሚጠብቃቸው ምንድን ነው? በሁለት እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ እያራመድኩ ሞከርኩት፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሁለቱም ከእጄ ወደቁ። ፈተናው ሰኞ ነው፣ እባካችሁ።