ከቀበሌ ቤት ተነሥቶ ወደ ከተማ ዳር መሄድ ሥራን ምን ያደርገዋል?

ጠያቂ፦ የአራዳ ልጅ
እናቴ ጎንደር አራዳ አካባቢ በቀበሌ ቤት ውስጥ እየኖረች፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማስረከብና ጠላ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። አሁን ሰፈሩ ለልማት ስለሚፈለግ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ምትክ ቤት እንደሚሰጥ ይወራል። ምትኩ ከአሁኑ ጠባብ ቤት የተሻለ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ የሚያሳስበኝ ሥራዋ ነው። እንዲህ ያለ ዝውውር የነዋሪውን ገቢ እንዴት እንደሚለውጠው የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ነጋዴው
በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ኪራዩም ለአሥርተ ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። እናትህ በትንሽ ትርፍ ቤተሰብ ማስተዳደር የቻለችው በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል። ከዚያ በላይ ግን ቤቱ ማድ ቤትም፣ መጋዘንም፣ መሸጫም ነው፤ ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት ነጋዴ፣ እቁብተኞቿና ጠላ ጠጪዎቿ ሁሉ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ናቸው። አዘዞ ከመሀል ከተማው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ እንጀራ ተሸክሞ በየማለዳው ታክሲ መጠበቅ ትርፉን ይበላዋል። ደመወዝተኛ የሚያጣው የመንገድ ጊዜና ገንዘብ ሲሆን፣ እሷ የምታጣው ደንበኛን ነው፤ ደንበኛ ደግሞ አይከተልም።

መልስ፦ የማራኪ ተማሪ
አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) በ5 ከተሞች 4,600 ገደማ ቤተሰቦች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። ከመንግሥት ቤት ወደ ብዙም ድህነት ወደሌለበት ሰፈር የመዛወር ዕድል በዕጣ ተሰጥቶ፣ የአዋቂዎቹ ሥራና ገቢ ጎልቶ ሳይሻሻል፣ ከ13 ዓመት በታች ሆነው የተዛወሩት ልጆች ግን ሲያድጉ የተሻለ ገቢ አግኝተዋል። ይሁንና እዚያ የተዛወሩት በፈቃዳቸው ስለነበር፣ በልማት ምክንያት ለሚነሣ ሰው ውጤቱን እንዳለ መውሰድ የሚቻል አይመስለኝም።

መልስ፦ ነጋዴው
ትክክል ነው። ለጠያቂው የምመክረው፣ እናትህ ለምግብ ቤቶች የምታስረክበውን ከወዲሁ በጽሑፍ እንድትይዝና ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ከቤቱ ጎን ለጎን የመሸጫ ቦታ እንድትጠይቅ ነው፤ ቤት ከተሰጠ በኋላ የሚቀርብ የሥራ ቦታ ጥያቄ ሰሚ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ምትክ ቤቱን ስታዩም ከክፍሉ ስፋት በፊት የመብራት መስመሩ የእንጀራ ምጣድ ይችል እንደሆነና ጭሱ የሚወጣበት ማድ ቤት መኖሩን ጠይቁ።